የሴትዮዋ አለት

ከናሙናው ላይ በጥፍሯ ፈልፍላ ያወጣችውን ነጭ ፍርፋሪ በፊት ጥርሶቿ መሃል አድርጋ ነከሰችው። አልተንኮሻኮሸም። እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ አለባት።

"ጨው አነሰው እንዴ፣ እትዬ?" አለ የቁፋሮው አለቃ፣ የመጋዘኑ በር ላይ ተደግፎ።

ጂኦሎጂስቷ አልሳቀችም። ሌላ ፍርፋሪ አንስታ ደግማ ነከሰች። አሸዋ ያለበት ጭቃ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ የጠራ ሸክላ ግን ያሟልጫል። በሙያዋ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሰው ፊት ግን ማንም የማያደርገው ፈተና ነው። የቁፋሮው አለቃ ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ ስላየ እንደ ሰው አይቆጠርም። ሠራተኞቹ ሻለቃ ይሉታል። ወታደር ቤት ደጁን ረግጦ አያውቅም፤ ማዕረጉን ያሰጠው ድምፁ ነው።

"ከየትኛው ጉድጓድ ነው ያልከኝ?"

"ከጅረቱ ማዶ፣ ከእርስዎ ገደል ጀርባ። ውሃ ፍለጋ ወርደን ከሰል መጣብን። ከሰል አይጠጣ ነገር! እትዬ ይዩት ብዬ ጭኜው መጣሁ። ምነው፣ አጠፋሁ?"

"ኧረ ደግ አደረግህ" አለች። ደግ ያደረገ ግን አልመሰላትም።

ናሙናው ረጃጅም የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ ተጋድሟል፤ ክንድ የሚያህል ክብ ድንጋይ፣ ከመሬት ሆድ እንደወጣ በቅደም ተከተል። ታች ጠጠሩ፣ ከዚያ ግራጫው ጭቃ፣ ከዚያ ጥቁሩ ወፍራም ከሰል። በከሰሉ ወገብ ላይ ደግሞ ጣት የማትሞላ አንዲት ነጭ መስመር። ማጉያ መነጽሯን ከአንገቷ ላይ አንስታ ተጠጋች። በነጩ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ቅርፊቶች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ናቸው። ጭቃ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ይህ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ብቻ ነው።

ክው አለች። ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና መነጽሩን በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው፤ ግን መነጽሩ ንጹህ ነበር።

ከሰል የያዘ የደለል አለት እንዲሁ ስም አያገኝም። አንድ ሰው ሄዶ ንብርብሩን ከታች እስከ ላይ መለካት አለበት። ከዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያልቃል ብሎ ወሰኑን መቁረጥ አለበት። የተጠራጠረ ሁሉ ሄዶ በዓይኑ እንዲያይ አንድ ማሳያ ቦታ ማቆምም አለበት፤ ገደል ቢሆን፣ ለመንገድ የተቆረጠ ዳገት ቢሆን። ከዚያ በአቅራቢያው ካለ ወንዝ ወይም ኮረብታ ስም ይወሰድለታል። በሰው ስም መጥራት ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ሲሟላ ያ የድንጋይ ክምር ፎርሜሽን ይባላል፤ ካርታ ላይም የራሱ ቀለም ይሰጠዋል።

እሷ በዕድሜዋ የሰየመችው አንድ ነው። ስሙን ከጅረቱ ወሰደች፣ ማሳያውን ጅረቱ የበላው ገደል ላይ አቆመች። ከሸለቆው ማዶ፣ በምዕራብ በኩል፣ ሌላ ከሰል ያለበት ፎርሜሽን አለ። እሱን የሰየመው ያኔ ባሏ የነበረው ሰው ነው፤ ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በኮረብታ ስም። መሥሪያ ቤቱ ግን ክልከላውን ከምንም ሳይቆጥር የእሷን "የሴትዮዋ አለት"፣ የእሱን "የሰውዬው አለት" ይለዋል። አዲስ የተቀጠሩት ሁሉ ትክክለኛውን ስም ሳያውቁ ይህን ነው የሚለምዱት።

በሁለቱ መካከል መሬቱ ተሰብሮ ቁልቁል ወርዷል። በላዩም ወፍራም አፈር ለብሷል። አንዱን ንብርብር በእግር ተከትሎ ከምዕራብ ምሥራቅ መድረስ አይቻልም። ያኔ ባሏ "አንድ ናቸው፣ በአንድ ስም እንጥራቸው" ሲላት "በአንድ ስም ማለት በቀደመው፣ ባንተ ማለት ነው አይደል?" አለችው። በእሱ በኩል ባለው ትልቁ ከሰል ውስጥ ነጭ የአመድ መስመር አለ፤ አመድ ከሰማይ ሲዘንብ ሸለቆ አይመርጥም፣ ሁለቱም ዳር በአንድ ቀን ይወርዳል። በእሷ በኩል ግን መስመሩ አልተገኘም። ይህን ይዛ ተከራከረች፣ አሸነፈች፣ ስሙ ጸደቀ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተለያዩ። ሰው በድንጋይ ተፋቱ ብሎ ሳቀባቸው። እውነት አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ ውሸትም አልነበረም።

አሁን፣ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ገደሉን የለካችበትን ቀን አስታወሰች። ገደሏ ላይ፣ በትልቁ ከሰል መሃል፣ ነጭ ነገር ነበረ። በዓይኗ አይታዋለች። ዝናብ ስንጥቅ ውስጥ ያስገባው ጭቃ ነው ብላ አለፈችው። ነክሳ ብታየው ኖሮ ወዲያው ታውቀው ነበር። መንከስ ግን የእሱ ልማድ ነበር፤ ያስተማራት እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ የእሱን ነገር አፏ ውስጥ ማስገባት አልፈለገችም።

"እትዬ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም" አለ ሻለቃ፣ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርጎ። "ውሃ ላምጣ?"

"ተወኝ እስቲ። መቼ ነው የምትመለሱት?"

"ከሰዓት። የመኪናው ጎማ እየተቀየረ ነው።"

ካርታው የሚጸድቀውም ከሰዓት ነበር። የአገሩ አዲስ ካርታ፤ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። የእሷ አለት በላዩ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም ተሰጥቶታል፤ መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ፣ ስሙ በቀጭን ፊደል የተጻፈበት። ልጅ የላትም። ወንድም እህቶቿ በየፊናቸው ናቸው፤ ለበዓል ይደውላሉ፣ "ደህና ነሽ?" ይላሉ፣ "ደህና ነኝ" ትላለች፣ ያበቃል። በየዓመቱ ዝናብ ሲያቆም ግን ገደሏ ጋ ትሄዳለች። ለጎረቤቷ "ዘመድ ልጠይቅ ነው" ብላ ነው የምትወጣው። ጎረቤቷም ስትመለስ "እንዴት ናቸው?" ትላታለች፤ "አሉ፣ ትንሽ ተሸርሽረዋል" ትላለች። ጎረቤቷ ያረጁ አክስት ያሏት ይመስላታል። ይህ ቀልድ መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር። አሁን አሁን ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ሆድ ያስብሳታል።

ማንም አላየም። ሻለቃ ድንጋይ ከድንጋይ የሚለየው በመሰርሰሪያው ድምፅ ነው። ሳጥኑን መደርደሪያው ጥግ ብታስገባው፣ አቧራ ይለብሳል፣ እሷም ጡረታ ትወጣለች፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን ይለዋል? ይህን አሰበች። ማሰብ ብቻ ሳይሆን ክዳኑን አንስታ ከደነችው። ከዚያ ከነጩ መስመር አንዲት ቁራጭ ኪሷ ውስጥ እንደያዘች ልብ አለች፤ መቼ እንደከተተቻት አታስታውስም።

የስያሜ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሰብሳቢው ተማሪዋ ነበር። አሁን መላጣ ሆኗል፤ እሷን ሲያይ ግን ዛሬም ከወንበሩ ብድግ ይላል።

"ዶክተር! እኔ ራሴ ልወርድ ነበር። ይዩት፣ ይዩት!" ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የካርታ ረቂቅ አሳያት። "የእርስዎን አረንጓዴ እኔ ነኝ የመረጥኩት። መጀመሪያ ቡኒ አድርገውት ነበር። ቡኒ አይሆንም አልኳቸው።"

"አመሰግናለሁ" አለች። ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። "ይሄ ከእኔ አለት ነው። ከትልቁ ከሰል መሃል።"

አነሳው፣ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ብዙ አልፈጀበትም። ወደ እሷ ሲዞር ፊቱ ተለዋውጧል።

"ሌላ ማን አይቶታል?"

"አንተ።"

"እንግዲያው ይቀመጡ።" በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። "አንድ ጉድጓድ ነው አይደል? አንድ ጉድጓድ ምስክር አይሆንም። 'ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል' እንላለን። ውሸት አይደለም፤ ሁልጊዜም ያስፈልጋል። ካርታው ይታተም። ቀጣዩ ካርታ ሲሠራ እኔም እርስዎም ጡረታ ላይ ነን፤ ልጆቹ ያስተካክሉታል።"

"ልጆቹ 'ሴትዮዋ አላየችውም' ይላሉ።"

"ይበሉ! እርስዎ አይሰሙም።"

ከልቡ ነው የሚለምናት። ይህ ነው አንጀቷን የበላው። በዚህ ሕንጻ ውስጥ ለእሷ የሚሟገት ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም፤ የተገኘው ደግሞ እንድትዋሽ የሚለምናት ሆነ።

"ቢያንስ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሙን ሙሉ በሙሉ አናጥፋው። በሰውዬው ፎርሜሽን ሥር እንደ አንድ ክፍል እናስቀምጠው። ደንቡ ይፈቅዳል። ስሙ ይቆይልዎታል፣ በትንሽ ፊደል።"

ካርታውን አየችው። በትንሽ ፊደል። ለአፍታ ልቧ ወደዚያ ሄደ፤ ትንሽ ፊደልም ፊደል ነው።

"ክፍል የሚሆነው የተለየ ነገር ሲኖረው ነው" አለች በመጨረሻ። "ምኑ ነው የተለየው? ያው ጠጠር፣ ያው ጭቃ፣ ያው ከሰል፣ ያው አመድ። እኔ ስለሄድኩበት ብቻ ተለየ?"

ሰብሳቢው በእጁ የያዛትን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ መለሳት።

"በቀደመው ስም ይጠራ" አለች። "አረንጓዴውንም አጥፋው። የሱ ቀለም ምንድን ነው?"

"ብርቱካናማ።"

"እንግዲህ ብርቱካናማ ይሁን።"

ስትነሳ እሱም ተነሳ። "ለእሳቸው ደብዳቤ እናወጣለን" አለ። በሙያው አንድ ያልተጻፈ ልማድ አለ፤ የራሱን ስም ያነሳ ሰው፣ ስሙ ለሚጸናለት ሰው በአፉ ይነግረዋል። ሰብሳቢው ልማዱን ያውቃል፤ ሊያድናት ብሎ ነው።

"ደብዳቤው ይቆይ። ራሴ እነግረዋለሁ።"

ደረጃው ስር፣ የቆዩ ወንበሮች የሚከመሩበት ጥግ ቆማ ስልኩን ብዙ ጊዜ አየችው። ከተለያዩ ወዲህ አንድም ቀን ደውላ አታውቅም። አውራ ጎዳናው ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ብቻውን እንደሚኖር ከሻለቃ ወሬ ነው የሰማችው። "አላልኩሽም?" ሊላት ነው። ቃሉን እሷ ራሷ በሆዷ ደጋግማ አለችው፣ ከእሱ አፍ ሲመጣ እንዳያማት። ከዚያ ደወለች።

"ማነው?" አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

"እኔ ነኝ።"

አንድ ነገር ሲገፋ፣ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች።

"ቁጥሬ የለህም እንዴ?"

"አለኝ። ስልክሽን ሌላ ሰው አግኝቶት መስሎኝ ነው። ምን ሆንሽ?"

"ምንም አልሆንኩም። ለመንገር ነው።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንድ ናቸው።"

"ምኖቹ?" ብሎ አልጠየቀም።

"ነጩን አገኘሽው?"

"ትልቁ ከሰል ወገብ ላይ። በጉድጓድ ነው የወጣው።"

"ብልጭ ብልጭ የሚሉት አሉበት?"

"ሞልተውታል።"

"ነከስሽው?"

"ነከስኩት።"

"እና?"

"ሙልጭልጭ ይላል።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። አሁን ይለዋል ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"እኔኮ ጥርስ የለኝም" አለ። "ሰው ሠራሽ ነው ያስገቡልኝ። አሸዋና ሸክላ አይለይም። እንኳን አሸዋ፣ ዳቦም አይለይ።"

ሳቀች። ሳታስበው፣ ደረጃው ስር ብቻዋን ቆማ፣ ጮክ ብላ ሳቀች። አንዲት ፋይል የያዘች ልጅ ከላይ ዘንበል ብላ አየቻትና አለፈች።

"ስሜን አንስቻለሁ" አለች ሳቋ ሲያልቅ። "የሚጸናው ያንተ ነው። በአፍ መንገር አለብኝ፣ ነገርኩህ።"

"ስምሽን እወደው ነበር።"

"አሁን ነው የምትነግረኝ?"

"ያኔ ብነግርሽ ሽንገላ ነው ትይኝ ነበር።"

እውነቱን ነው፤ ትለው ነበር። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረችው። በሁለቱ አለቶች መካከል ስንት ዓመት እንደጠፋ ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን አሰበችው፣ ቆጫትም።

"ስሙ ይጸናል ትያለሽ" አለ እሱ፤ "ማሳያው የለማ! ግድቡ ከተሠራ ወዲህ የኔ ገደል ሐይቅ ሥር ነው። ዓሣ ካልሆነ ማን ሄዶ ያየዋል? ባዶ ስም ነው የያዝኩት።"

"የኔ ገደል አለ። ትንሽ ተሸርሽሯል እንጂ ከታች እስከ ላይ ይታያል።"

"እንግዲያው እሱ ማሳያ ይሁን። ለኪውና አዲስ መግለጫ ጻፊ።"

"አንተስ? ስሙ ያንተ፣ ልኬቱ የኔ?"

"ጉልበቴ የት አለ? ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ነው ጉዞዬ። ቁራጭ ግን ላኪልኝ። ከነጩ። በዓይኔ ልየው።"

"እልካለሁ" አለችው። ሁለቱም ስልኩን ለመዝጋት አልቸኮሉም፤ በመጨረሻ ግን ተዘጋ።

መጋዘኑ ስትመለስ ጸጥ ብሏል። መደርደሪያው ላይ በአለቷ ስም የተጻፉ ሳጥኖች ከጥግ እስከ ጥግ ተደርድረዋል፤ ጽሑፉ በገዛ እጇ፣ በጥቁር ቀለም። ከነገ ጀምሮ አንድ በአንድ ይለወጣሉ። ብሩሹን ለሌላ ሰው አትሰጥም፤ ያን ወሰነች። ብሩሹንም ቀለሙንም ዛሬ አልነካችም። ነጯን ቁራጭ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልላ፣ እንዳትፈረፈር በጨርቅ ደገመቻት፤ በመዳፏ ይዛት ወጣች።

ግቢው ውስጥ ሻለቃ የጭነት መኪናውን ኋላ በገመድ እያሰረ ይጮሃል። ሲያያት ጩኸቱን ለሠራተኞቹ ተወላቸው።

"በሰውዬው ከተማ ታልፋለህ አይደል?" አለችው።

"በደጁ ነው የማልፈው። ምነው?"

"ይህችን..." አለች። ጥቅሏን ዘረጋችለት።

"ለሰውዬው? ይስጡኝ፣ ምን ችግር አለ! ቆም ሳልል በመስኮት እወረውርለታለሁ።" ሊቀልድ ነው፤ ፊቷን ሲያይ ቃሉን አረመ። "ኧረ በእጁ ነው የምሰጠው፣ እትዬ። ከሰላምታ ጋር።"

በጨርቁ ላይ የሻለቃ ወፍራም ጣቶች አረፉ። እሷ ግን አልለቀቀችም። ሻለቃ ሳብ አደረገ፤ አልለቀቀችም። ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አያት።

"በዓይን ብቻ አይለይም፤ መነከስ አለበት" አለች። "እሱ ደግሞ ጥርስ የለውም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

የመኪናውን ፊት አየች። ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ገመድ፣ የቀለም ቆርቆሮና አንድ የአሮጌ ካፖርት ክምር ተቆልሏል።

"ያን እቃ ወደ ኋላ አድርገው" አለችው።